ባሕሩ የሄደ ቀን

ሐምሌ 19

የሕንድ ውቅያኖስን በሰማያዊ ጠመኔ ስስል ስንት ዓመቴ ነው! ስድስተኛ ክፍል፣ ኅብረተሰብ ትምህርት። ጠመኔው ሁልጊዜ ከማዳጋስካር በታች ያልቅብኛል፤ የቀረውን በነጭ እሞላዋለሁ። ትምህርት ሊዘጋ ሲል አንዲት ተማሪ፣ «ቲቸር፣ እርስዎ አይተውታል?» ብላ ጠየቀችኝ። «አላየሁትም» ማለት ይቻል ነበር። «ክረምቱ ሳያልፍ አየዋለሁ» አልኳት።

ዛሬ የሦስታችንም ፓስፖርት እጃችን ገባ፤ የእኔ፣ የባለቤቴ የደገፉና የልጃችን የሊድያ። ሞምባሳ እንሄዳለን። ስንታጭ ደገፉ አባያ ዳር አቁሞኝ፣ «ይኼ ሐይቅ ነው። እኔ የማሳይሽ ባሕር ነው» ብሎኝ ነበር። ማታ ሳስታውሰው ሳቀ። «ሰው ሲያጭ ስንት ነገር ይናገራል» አለ። ከዚያ እንደተቀመጠ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ገና እራት አልቀረበም።

የሰብል ባለሙያ ነው፤ ከቦምቤ እስከ ዲምቱ በእግሩ ያልረገጠው ማሳ የለም። ዘንድሮ ሥራው በዝቶበታል። እረፍት ነው የሚያስፈልገው። ለእሱም ጭምር ነው የምንሄደው።

ሐምሌ 21

ናጂያ ሱቅ ገባሁ። ወንድሟ ኢሊያስ ለዕቃ ናይሮቢ ስለሚመላለስ ማረፊያውን የያዘልን እሱ ነው። በስልኩ ፎቶውን አሳየኝ፤ ነጭ አሸዋ፣ ዘንባባ፣ እንደ ጠርሙስ አረንጓዴ የሆነ ውሃ።

«ከመስኮቱ ይታያል?» አልኩት።

«ቲቸር፣ ከአልጋሽ ሳትነሺ!»

ናጂያ ከሚዛኑ ቀና ሳትል፣ «አንተ ተኝተህበታል?» አለችው።

«ፎቶውን የላከልኝ ሰውዬ ተኝቶበታል።»

«በቃ፣ ሰውዬውን ይዘሽው ሂጂ» አለችኝ ናጂያ። «ብቻ ስትመለሺ በባሕር ልብስ በሱቄ ፊት እንዳታልፊ። ደንበኞቼ ይበተናሉ።»

ሱቁ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። አሁን ሰፈሩ በሙሉ አውቋል። መቅረት የለም።

ደገፉ አብሮኝ ነበር። ቀዝቃዛ ለስላሳ ቆሞ ጨለጠ፤ ሌላ ደገመ።

ሐምሌ 23

ሻንጣ። የሊድያ ኮፍያ። የፀሐይ ቅባት ረሳሁ፣ ነገ።

የጓሮ አጥራችንን ሥር ጉንዳን ወርሮታል፤ ደገፉ ሌሊት ሌሊት ወጥቶ የሚቆምባትን ቦታ። ሌላ ቦታ የለም፣ እዚያችው ብቻ። አመድ ነሰነስኩበት።

የመስክ ጫማውን ጠረግሁለት፣ ቡናማውን። ለጉዞው አዲስ ግዛ ብለው፣ «እግሬን የሚያውቀው ይኼ ነው» አለ።

ሐምሌ 26፣ ሞያሌ

አቧራ፣ ሙቀት። ሊድያ በሰላም ተኝታለች። አውቶቡሱን ለደገፉ ብለን በየቦታው አስቆምነው። ከኮንሶ በኋላ ረዳቱ፣ «አባት፣ መኪናውን የሚነዳው ሹፌሩ ነው ወይስ የእርስዎ ፊኛ?» አለ። ተሳፋሪው በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ። ደገፉ አልሳቀም።

ሐምሌ 29፣ ሞምባሳ

ባሕሩ የለም።

በእኩለ ቀን ደረስን። መስኮቱን ከፈትኩት፤ የጎረቤት ግድግዳ። የቤቱ ባለቤት ወደ መታጠቢያ ክፍሉ መራችን። ባልዲ ገልብጠው ሲቆሙበት በትንሿ መስኮት ይታያል አለችን። ሊድያ ወጣች።

«እማ፣ አየሁት! ያብለጨልጫል!» ቆይታ ደግሞ፣ «አይ። ቆርቆሮ ነው።»

በእግራችን ወረድን። የጠበቀን ጥቁር ሹል ድንጋይና ጭቃ ነው። በዳርቻው ላይ ውሃው የተፋው አረም እስከ ጉልበት ተከምሮ ይሸታል። ውሃው ከሩቅ እንደ ነጭ ክር ይታያል፣ ወደዚያ ሸሽቷል። ስንት አገር አቋርጬ የመጣሁት ለዚህ ነው? እንባዬን ለመደበቅ ዞር ስል ደገፉ አጎንብሶ አረሙን በእጁ ያሻል።

«ይኼ ለኮምፖስት የሚሆን ነው» አለ።

ልመታው ፈለግሁ።

በኋላ የማረፊያው ጥበቃ በእንግሊዝኛ አስረዳን። በእነዚህ ወራት ነፋሱ አረሙን ሁሉ ወደ ዳር ያመጣዋል፤ ፎቶው የጥር ነው። «ለምን አሁን መጣችሁ?» አለን። ትምህርት ቤት የሚዘጋው አሁን ስለሆነ አልነው። በአገራችን ሰው የሚያርፈው ዝናብ ሲሆን ነው። ሰውዬው በትሕትና ራሱን ነቀነቀ።

ደገፉ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። የስልኩን ጽሑፍ ማንበብ አቅቶት ለሊድያ ሰጣት። መነጽር ሊቀይር ይገባዋል።

ሐምሌ 30

ዛሬ ሰማዩ ተገለጠ፤ ፀሐይ ወጣች። ውሃው አሁንም ሩቅ ነበር። ሊድያ ዛጎል ለመልቀም ስትጓጓ በድንጋዩ ላይ እየተራመድን ወደ ውስጥ ገባን። ውሃው ዳር ስንደርስ አባያ ዳር እንደምናደርገው አደረግን፤ ጫማችንን አውልቀን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በተራ አስቀመጥን፣ ስንወጣ እግራችንን አድርቀን እንድናጠልቅ። ከዚያ እስከ ቁርጭምጭሚት ውሃ እየረገጥን በዳርቻው ርቀን ሄድን።

ስንመለስ ድንጋዩ የለም። ጫማዎቹም የሉም። ሸሽቶ የነበረው ውሃ ተመልሶ በላያቸው አልፏል። እኛ የምናውቀው ውሃ ሐይቅ ነው፤ ያስቀመጡትን ቦታው ላይ ይጠብቃል። ሊድያ፣ «ባሕሩ ጫማችንን አድርጎ ሄደ!» ብላ ሳቀች። እኔ ካርታውን በየዓመቱ እየሳልኩ ባሕር ሄዶ እንደሚመለስ አላውቅም ነበር። ይኼንንስ ለማን ይነግሩታል?

ወደ ዳር የተመለስነው በባዶ እግር ነው። ድንጋዩ እንደ ምላጭ ነው፤ በየስንጥቁ ጃርት የሚመስል ጥቁር እሾሃም ፍጥረት አለ። እኔና ሊድያ እየጮህን እንደ ፌንጣ ዘለልን። ደገፉ ግን ምንጣፍ ላይ እንዳለ ሰው ሄደ። ሊድያ ስትንገላታ አይቶ አዘላት፣ አሥራ አምስት ዓመቷን! ዓሣ አጥማጆቹ አጨበጨቡለት።

«አይወጋህም እንዴ?» አልኩት።

«የማሳ እግር ነው» አለ።

ከኋላው ሆኜ ሳየው ኮራሁበት። የዛሬው ቀን በእሱ ዳነ።

ነሐሴ 1

ጠዋት ከመኝታ ክፍላችን እስከ መታጠቢያው ወለሉ ላይ ቀይ ነጠብጣብ አየሁ። የሐብሐብ ጭማቂ ነው። የቤቱ ባለቤት ሳትነሳ በፎጣ ጠረግሁት፣ ፎጣውንም አጠብኩት።

ደገፉ፣ «ዛሬ ብንሄድስ?» አለ።

«ምነው?»

«እንዲሁ።»

«ባሕሩን እኮ በወጉ አላየሁትም።»

«እሺ፣ እስኪበቃሽ እንቆይ» አለ። ከመንገድ ዳር የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ ገዛን። እሱ በካልሲ አጠለቀው። ሊድያ አፈረችበት።

ነሐሴ 2

ባሕሩ ዛሬ መጣ! እስከ ዳር፣ ሞልቶ፣ ሰማያዊ። እኔና ሊድያ እጅ ለእጅ ተያይዘን ገባን። ማዕበሉ አንስቶ ሲያስቀምጠኝ እንደ ልጅ ጮህኩ። ጨው ቀመስኩ። ተማሪዋን አስታወስኳት።

ደገፉ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ዋለ። ሊድያ ሳያያት ፎቶ አነሳችው፤ አንዱን እግሩን ጉልበቱ ላይ አጥፎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ውስጥ እግሩን ሲያይ። ስልኩ ላይ የፎቶውን ታችኛ ክፍል በጣቴ ቆረጥኩትና ፊቱና ከኋላው ያለው ባሕር ብቻ ቀረ። የሚያስብ ሰው ይመስላል። ጥሩ ፎቶ ሆነ።

ነሐሴ 7፣ ሶዶ

ቤታችን ገባን። ከታክሲ ሳንወርድ ናጂያ ከሱቋ ደጃፍ፣ «የባሕር ሰዎች! እንዴት ነበር?» ብላ ጮኸች።

«ልብ ያሳርፋል» አልኩ።

ኢሊያስ ደረቱን ነፋ። «አላልኩሽም? ከመስኮቱ!»

«ከመስኮቱ» አልኩ። ሊድያ አየችኝ።

የቤተ ክርስቲያን የአገልግሎት እህቶች መጡ፣ መምህራኑ መጡ። ፎቶዎቹን አሳየኋቸው። ስለ አረሙ መስማት ምን ያደርግላቸዋል? ስለ ጫማው ግን ሊድያ አወራች፤ እንባ እስኪወጣቸው ሳቁ። ደገፉ በጊዜ ተኛ።

ነሐሴ 12

ደገፉ ካልሲውን ራሱ ማጠብ ጀምሯል። ከተጋባን ጀምሮ አንድ ቀን አጥቦ አያውቅም። መለወጥ ጥሩ ነው።

መኝታ ቤቱ ይሸታል። አይጥ የሞተ መስሎኝ ከሊድያ ጋር ቁም ሳጥኑን አነሳነው። አይጥ የለም። አንሶላውን ቀየርኩ፣ መስኮቱን ከፍቼ ተውኩት። ዝናቡ ገባ።

ነሐሴ 15

ናጂያ ሚዛኑ ላይ ሆና፣ «ደገፉ ምነው እንደ ሙሽራ ይራመዳል?» አለችኝ።

«አዲስ ጫማ ነው። አሮጌውን ባሕር በላው።»

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቲቸር፣ አባቴም መጀመሪያ እንደዚህ…»

«ስኳር እንዳትረሺ፣ ሳሙናም» አልኳት። ደንበኛ ገባ። ወጣሁ። ሳሙናውን ሱቁ ረስቼው መጣሁ።

ነሐሴ 18፣ ቦምቤ

የምጽፈው በደገፉ እናት ቤት ነው። ሁሉም ተኝቷል፣ ወይም እንደ እኔ የተኛ መስሏል።

እናቱ ወይዘሮ ቦሼ ከሩቅ አገር የመጣን ልጅ እግሩን ሳያጥቡ ምግብ አያቀርቡም። ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ግን ይህን ለሌላ አይሰጡም። ስንገባ ሞቅ ያለ ውሃ በሳፋ ተዘጋጅቶ ጠበቀን። መጀመሪያ ሊድያን አጠቡ፣ ቀጥሎ እኔን። ደገፉ ጋ ሲደርሱ እግሩን ወደ ኋላ ሳበ።

«እማዬ፣ ዛሬ ይቅር።»

«ባሕር አይተህ መጥተህ እግርህን ትከለክለኛለህ?» አሉት በወላይትኛ።

«ታጥቤ ነው የመጣሁት።»

«እኔ አላጠብኩህም።»

ጎረቤቶች ተቀምጠዋል። ወይዘሮ ቦሼ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ምን ሆኖ ነው?»

«ጫማ ልጦት ነው» አልኩ።

ተንበረከኩና ካልሲውን ሳቡት። አልወጣም። እስኪለቅ ድረስ ውሃ እያፈሰሱ ጠበቁ። ሲለቅ ያ ሽታ ቤቱን ሞላው። አንዷ ጎረቤት ልጇን ይዛ ወጣች። ከሁለቱ ትንንሽ ጣቶች ሥር ሥጋው ጠቁሯል፤ ውስጥ እግሩ ላይ የተሰበሩ እሾሆች እንደ ነጥብ ተደርድረዋል። ወይዘሮ ቦሼ በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት።

«ያምሃል?»

«አያመኝም።»

አጠንክረው ጫኑት።

«አያመኝም፣ እማዬ።»

እሳቸው ያዩት እሱን አይደለም፣ እኔን ነው። «እግሩ መታመም የተወው ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉኝ።

ካልሲውን ከሳፋው አንስቼ ጠመዘዝኩት። ምሳው ሳይነካ ቀረ። መኪና ስላጣን ነገ በማለዳ ዱቦ ሆስፒታል እንወስደዋለን። እናቱ ጨርቅ ቀደው እግሩን ጠቅልለውለታል፣ አጠገቡ መሬት ላይ ተኝተዋል።

ነሐሴ 19፣ ዱቦ

የደም ስኳሩን ሲለኩ ማሽኑ ቁጥር አላወጣም። ከማሽኑ ልክ በላይ ነው አሉን።

ዶክተር ኃይለመስቀል ከደብረ ብርሃን የመጣ ወጣት ነው፤ ጥያቄውን ለእኔ አደረገው።

«ውሃ ይጠማቸው ነበር?»

«ሙቀት ነበር።»

«ሌሊት ይነሳሉ?»

«ይነሳል።»

«ዓይናቸውስ?»

«መነጽሩ አርጅቶ ነው።»

«የሚሸኑበት ቦታ ላይ ጉንዳን አይታችኋል?»

«አመድ ነስንሼበታለሁ» አልኩ።

ብዕሩን አስቀመጠ። ስኳሩ ቆይቷል አለ፣ ምናልባት ዓመታት። የእግሩን ስሜት ገድሎታል። ሁለቱ ጣቶች አይተርፉም። መመረዙ ወደ ላይ ከወጣ እግሩም አይተርፍም። «ቀደም ብላችሁ ብትመጡ» ብሎ ጀመረና ተወው።

ደገፉ፣ «ያለ እግር ማሳ እንዴት ነው የሚገባው?» አለ። ማንንም አልጠየቀም።

ነሐሴ 22

ሁለቱ ጣቶች ተቆረጡ። ሊድያ ውጭ ሣሩ ላይ። ትኩሳት አለው። ጠብቁ አሉ።

ነሐሴ 25

ትኩሳቱ አልወረደም። ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቅላት አለ። ዶክተሩ በብዕር ዙሪያውን አሰመረበት፤ ቅላቱ መስመሩን ካለፈ ይቆርጣሉ። ቁጭ ብዬ መስመሩን አያለሁ።

ኮሪደር ላይ ሁለት አስታማሚ ሴቶች ያወራሉ። «ያቺ ናት፣ ባሕር ለመታጠብ ኬንያ ድረስ ወስዳው።» «ምናለ አርፈው ቢቀመጡ?» ውሃ ልቀዳ ወጥቼ ሳልቀዳ ተመለስኩ።

ነሐሴ 28

መስመሩን አላለፈም። ያለፈ መሰለኝና ነርሷን ጠራኋት። አላለፈም አለች።

ናጂያ ከሶዶ ሾርባ ይዛ መጣች። ስለ አባቷ ማውራት ጀመረች፤ ዛሬ እስከ መጨረሻው ሰማኋት። ሰውዬው አንድ እግራቸውን አጥተው ሱቃቸውን ከወንበር ላይ ሆነው ያስኬዱ ነበር። «ሱቅ ነዋ» አለች ስትሄድ። «ሱቅ ከወንበር ይሆናል።»

ጳጉሜን 3

እግሩ ይተርፋል።

ዶክተሩ ቅላቱ እንደሸሸ አሳየኝ። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከእንግዲህ ባዶ እግር የለም፣ እቤት ውስጥም። በየምሽቱ ደግሞ ውስጥ እግሩን ሰው ማየት አለበት። «እሳቸው አይሰማቸውም፣ ዓይናቸውም ደክሟል። የሚያይላቸው ሰው ያስፈልጋል። ያየም ሰው መናገር አለበት።» ሁለተኛውን ሲናገር መሬት መሬት ያይ ነበር። ወጣት ነው፣ ሰው ማሳፈር አይወድም።

መስከረም 10

ቤት። መርፌውን መውጋት ተማርኩ። የመጀመሪያውን መርፌ አጣመምኩት። «ተማሪ ብትሆኚ ምን ነጥብ ትሰጪያታለሽ?» አለኝ። ከቦምቤ ወዲህ ሲቀልድ የመጀመሪያው ነው።

መስከረም 17

ነገ ጊፋታ ነው፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ። የሰፈሩ ሰው ከበሬው ሥጋ ድርሻችንን አመጣልን፤ ዘንድሮ ደገፉ በሬው ሲመረጥ አልነበረም። ቅቤው ተነጥሯል፣ ዳጣው ተፈጭቷል። ወይዘሮ ቦሼ ከቦምቤ መጥተዋል።

በእኛ ዘንድ ቂም ይዞ ወደ አዲሱ ዓመት መግባት ክልክል ነው። ከእራት በኋላ ወይዘሮ ቦሼ እኔንና ደገፉን ፊት ለፊት አስቀመጡን። በልባችሁ ያለውን አውጡት፣ ከዛሬ በኋላ አይነሳም አሉን።

«እኔ የለኝም» አልኩ።

ደገፉ በፋሻ የታሰረ እግሩን ወደ ፊት ዘረጋ።

«ሞምባሳ ላይ፣ እንሂድ ብዬሽ ነበር» አለ።

«አዎ» አልኩ።

«አለቀ።» እጁን ዘረጋልኝ፣ ያዝኩት። ወይዘሮ ቦሼ መረቁን። ቀላል ነው፣ አንድ ዓረፍተ ነገር። ሌላም ልናገረው የሚገባኝ ነበር። መርቀውን ከተነሱ በኋላ ግን ሰዓቱ አለፈ።

መስከረም 18፣ ጊፋታ

ሰው እንደ ጎርፍ መጣ። ወጣቶቹ ከሰፈር ሰፈር እየጨፈሩ ገቡ፤ ደገፉ ተቀምጦ አጨበጨበላቸው። ናጂያና ኢሊያስም ለእንኳን አደረሳችሁ መጡ። ኢሊያስ እንደ ልማዱ፣ «እግርም ቢታመም ባሕሩን ግን አያችሁ!» አለ። ናጂያ በክርኗ መታችው።

እኔ ዝም ልል ነበር። «መስኮቱ ግድግዳ ነው የሚያሳየው» አልኩ። «ባሕሩን ለማየት ባልዲ ላይ ይወጣል።» ስለ አረሙም፣ ስለ ሽታውም ነገርኳቸው። ደገፉ ራሱ መሳቅ ጀመረና ሁሉም ተከተሉ። ኢሊያስ ጆሮው ቀላ።

ከዚያ ወሬው ወደ ምግብ ዞረ። ሊድያ ሞምባሳ ውስጥ የበላነውን በሙሉ ዘረዘረች፤ ዓሣ፣ ኮኮናት፣ ማንጎ፣ የተጠበሰ ካሳቫ።

«ሐብሐብስ?» አለች ናጂያ። «እዚያ አገር ሐብሐብ ጥሩ ነው ይላሉ።»

«አልበላንም» አለች ሊድያ። «ሐብሐብ አንድም ቀን አልበላንም።»

ልጄ ነገር አትረሳም። ያን ጠዋት ወለሉን ስጠርግ እኔም አውቅ ነበር። አልበላንም።

መስከረም 23

ዛሬ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜዬ ነበር። ያቺ ተማሪ ወደ ሰባተኛ አልፋለች፤ በእሷ ቦታ ሌላ ተቀምጧል። የሕንድ ውቅያኖስን ሳልኩ። ጠመኔው ያው ማዳጋስካር ላይ አለቀ።

«ይኼ ውሃ እንደ አባያ አይደለም» አልኳቸው። «ይሄዳል፣ ይመለሳል። ሲሄድ አይታችሁ ቀረ አትበሉ። ጫማችሁን ዳር ላይ አታስቀምጡ።» ሳቁ። እንዲጽፉት አደረግሁ።

ምሽት ሳፋውን አቀረብኩ። ለብ ያለ ውሃ፣ በክርኔ ለክቼ። እግሩን አጠብኩት፣ የቀሩትን ጣቶች መሃል መሃሉን በንጹሕ ጨርቅ አደረቅሁ፤ ወደ መብራቱ አዞርኩትና ውስጥ እግሩን አየሁ። ደገፉ ጣሪያውን እያየ ይጠብቃል።

«ምን አለ?» አለኝ።

የድሮው ቁስል ደህና ነው። ተረከዙ ላይ ግን የምስር ፍሬ የምታህል አዲስ ቅላት አለች፤ ከጫማው ስፌት ትሆናለች፤ ምንም ላትሆንም ትችላለች። ነገ ትምህርት አለኝ፤ ዱቦ መሄድ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል።

«ቅላት አለ» አልኩት። «ተረከዝህ ላይ። ጠዋት እንሄዳለን።»